የአዲስ መንደሩ ወታደር

በዚያ መስከረም ድንቹ መሬት ውስጥ ቀረ። ፈረሳችንን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለጦሩ ወስደውት ነበር። ከምዕራብ ጀርመኖች መጡ፤ ከምሥራቅ ሩሲያውያን መጡ። ዝናብ ጠፋ። መንገዱ አቧራ ብቻ ሆነ፤ በአቧራው ውስጥ ከከተማ የሸሹ ሰዎች አልጋቸውን በጋሪ ጭነው ያልፉ ነበር። ከዚያ ብርዱ ገባ። የዚያ ዓመት የበረዶ ወራት የጉድጓዱን ውሃ ሳይቀር በረዶ አደረገው። ላማችን ሞተች። የጎረቤታችን ሕፃን ሞተ። መቃብር ለመቆፈር መሬቱ ላይ መጀመሪያ እሳት ይነድ ነበር።

እኛ ቤት ማንም አልሞተም። ሳርና የምትባል ባዝራ ስለነበረችን ነው።

ሳርና የአስር አለቃ ቫለንቲ ድሮዝድ ባዝራ ነበረች። በመንደራችን በዛሌሲ፣ ግድቡ አጠገብ ከሩሲያውያን ጋር ውጊያ ሲሆን አራት ጓደኞቹ እዚያው ወደቁ። እሱ ጭኑን ተመትቶ አንገቷ ላይ ተደፍቶ መጣ። አባቴ ድርቆሽ ቤት አስገባው። ሐኪም አልነበረም። ቁስሉ መግል ያዘ። ያስታመመችው እህቴ ጌኖቬፋ ናት፤ ያኔ ገና ጡት ያላወጣች ልጅ ነበረች። እኔ ከሷ አንሳለሁ፤ በር ላይ ቆሜ ነው ያየሁት።

ሊሞት ሲል አባቴን አስጠራው። ባዝራዋን ውሰዷት አለው። ለእናቴ የት እንዳለሁ ንገሩልኝ፤ ከአዲስ መንደር ነኝ አለው። አባቴ እሺ አለ።

አራቱን መንደርተኛው ጫካው ዳር ቀበራቸው። ወታደር ያስጠጋ ሰው እየተፈለገ ስለነበር ቫለንቲን ግን አባቴ ከአያቴ መቃብር ጨመረው፤ መስቀሉ ላይ የአያቴ ስም ብቻ ቀረ። ሳርና ትከሻ ላይ የጦሩ ምልክት ነበር። አባቴ በጋለ ብረት አጠፋው። ረገጠችውና ጎድኑን ሰበረችው። ከመሬት ተነስቶ፣ «ልክ ነሽ» አላት። በሷ አረስን፤ በሷ ማገዶ ከጫካ አውጥተን በገብስ ለወጥን። ጦርነቱን በሷ አለፍነው።

ከጦርነቱ በኋላም ሥልጣኑ በሩሲያውያን እጅ ስለነበር እነሱ ስለገደሉት ሰው አይወራም ነበር። ሐውልት ቀርቶ መስቀል አይፈቀድም። በየዓመቱ በቅዱሳን ሁሉ በዓል፣ በየመቃብሩ ሻማ በሚበራበት ቀን፣ በኅዳር፣ ሴቶቹ ቅርጫት ይዘው ወደ ጫካው ዳር ይሄዳሉ። የት ነው ሲሏቸው እንጉዳይ ለቀማ ይላሉ። በዚያ ብርድ እንጉዳይ የለም። ቅርጫቱ ውስጥ ሻማ ነው። ፖሊሱም ያውቃል፤ ሚስቱም ቅርጫት ትይዛለች። የኛ ቤት ሰው ግን ጫካ መሄድ አያስፈልገውም ነበር። አያቴ መቃብር ላይ ከሌላው ቤት አንድ ሻማ ይበልጥ ይበራል፤ ያን ያህል ነው።

አባቴ ቃሉን ለማድረስ ደከመ። ከአውራጃችን ወጥቶ ስለማያውቅ አዲስ መንደር ሲባል ከወንዙ ማዶ ያለችው ብቻ መሰለችው። ሄዶ ጠየቀ፤ ድሮዝድ የሚባል የለም። በኋላ ገበያ ላይ ሌላ አዲስ መንደር እንዳለ ሰማ። እዚያም የለም። ቀጥሎ ሌላ። በሀገራችን አዲስ መንደር የሌለበት አውራጃ አይገኝም። በሳርና ጋሪ እየሄደ፣ ሳርና ስትሞት በልጇ ጋሪ እየሄደ፣ የደረሰበትን ሁሉ ጠየቀ። ሩቅ ላሉት መንደሮች ቄሶች ጻፈ። መልሱ አንድ ነው። እናቴ፣ «ከመንደሮቹ ሁሉ ዘመድ አበጀህ፤ ከድሮዝድ በቀር» ትለው ነበር። ሲሞት እኔንና እህቴን አስጠራን። «በሰውየው ባዝራ ኖርን። ቃሉን ግን አላደረስንም። ዕዳ ነው» አለን።

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ እኔና እትዬ ጌንያ የምላት እህቴ ጌኖቬፋ አርጅተን በአንድ ቤት ስንኖር፣ የሐውልቱ ነገር መጣ። እኔ ሚስቴ ሞታለች፤ እትዬ አላገባችም።

ነገሩን ያነሳችው የመንደራችን ሊቀመንበር ኤዲታ ናት። ስንት ዓመት ጻፈች። በመጨረሻ ጦሩ ተቀበላት፤ መጥተው ጫካው ዳር ቆፈሩ፤ አራቱን ከነስም ሰሌዳቸው አገኟቸው። ግድቡ አጠገብ ሐውልት ሊቆም፣ ለያንዳንዳቸው ከሞቱ በኋላ አንድ አንድ ማዕረግ ሊጨመርላቸው ተወሰነ። ኤዲታ በእሳት አደጋ ተከላካዮች ቤታችን አዳራሽ ሰበሰበችንና አራቱን ስም አነበበች።

እኔ ስብሰባ ላይ አልናገርም። የዚያን ቀን ተነሳሁ።

«አምስት ናቸው» አልኩ። «አምስተኛው እኛ ጋ ነው።»

ከኋላ አንዱ፣ «ሰቬሪን፣ ቤት ደብቀህ ትቀልበዋለህ እንዴ?» አለ። ተሳቀ። እኔ የማውቀውን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። ሳቁ ቆመ። ኤዲታ ብዕሯን አስቀመጠችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ቤት ሳልደርስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። እትዬ ምድጃው አጠገብ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች። አላናገረችኝም። በማግስቱም አላናገረችኝም። ድመታችንን ግን ታናግራለች። «ለዚያ ሰውዬ ሾርባው ምድጃው ላይ ነው በይው» ትላታለች። «የሰው መቃብር ይዞ ገበያ የሚወጣ ሰው ሾርባ የሚበላ ከሆነ።» እኔም ለድመቷ፣ ጨው ያንሰዋል በያት እላለሁ። እንዲህ ሆነን ሰነበትን።

ከጦሩ መቶ አለቃ ኮርኔሊያ የምትባል መጣች። የወደቁትን ፈልጎ ማንሳት ሥራዋ ነው። ገና ልጅ ናት፤ ጫማዋን ደጅ አውልቃ በካልሲ ገባች። እትዬ ይህን አይታ ልቧ ትንሽ ተነካ። የፖም ኬክ አቀረበችላት።

ኮርኔሊያ ነገሩን ረጋ ብላ አስረዳች። መቃብሩ በእትዬ ስም ስለሆነ ያለ እሷ ፊርማ አይከፈትም። ካልተከፈተ ማስረጃ የለም። ማስረጃ ከሌለ ማዕረግ አይሰጠውም፤ ስሙ ድንጋዩ ላይ አይቀረጽም፤ በምርቃቱ ቀን የወደቁት ስም አንድ በአንድ ሲጠራ የሱ አይጠራም። ዘመድ ካለውም ማግኘት ያስፈልጋል።

«አልፈርምም» አለች እትዬ። «ብይ እንጂ ልጄ።»

«እማማ፣ ጓደኞቹ እኮ እዚያ ናቸው።»

«እዚህም ብቻውን አይደለም። አያቴ ጋ ነው። አያቴ ደግሞ ሰው አያስቸግርም።»

«ክብር ነው፣ እማማ። መንግሥት...»

«መንግሥት በዓመት አንድ ቀን ይመጣል። እኔ በየሳምንቱ ነው የምሄደው።»

ኮርኔሊያ ሁለተኛውን ቁራሽ ኬክ ተቀበለች። ወደኔ ዞራ የየት አገር ሰው ነበር ብላ ጠየቀች። የአዲስ መንደር አልኳት። ሳቅ ብላ ዓይኗን ጨፈነች። የቱ አዲስ መንደር ስትለኝ አባቴ በሕይወቱ ሙሉ የጠየቀው ይህንኑ ነው አልኳት። የወንዙ ማዶውንም፣ የቀሩትንም ነገርኳት። ምናልባት ከምሥራቅ በኩል ይሆናል አልኩ፤ የሸሹት ብዙዎቹ ከዚያ ነበሩ።

እትዬ ከምድጃው ዞረች። ስለ ቫለንቲ ስህተት ሲነገር ዝም ብላ መስማት አይሆንላትም።

«ምሥራቅ! ምን ያውቃል ይሄ? ድንች በአይብ ነው የለመነኝ።»

«እንዴት ነው እሱ?» አለች ኮርኔሊያ።

ድንቹን ከነልጣጩ ቀቅይልኝ አለኝ አለች እትዬ። እኛ ቤት ድንች በእርጎ ነው፤ ቢሞላለት በስብ። እሱ ግን ትኩስ አይብ ከክሬም ጋር ምቺውና ሽንኩርት ከትፈሽ ጨምሪበት አላት። በዓለም እንዲህ የሚበላ ሰው አለ ወይ ብላ ሳቀችበት። እናቴ ዓርብ ዓርብ የምትሠራው ይሄንን ነው አላት። ላማችን ያኔ አልሞተችም ነበር፤ ሠራችለት። ሳህኑን በጣቱ ጠረገው።

ኮርኔሊያ ሹካዋን አስቀመጠች። «እማማ፣ እሱ የፖዝናን ምግብ ነው። የባሌ እናት አሁንም ዓርብ ዓርብ ትሠራዋለች።»

ፖዝናን ከኛ የሀገሩ ሌላ ጫፍ ነው፣ በምዕራብ። አባቴ ወደዚያ በኩል አንድም ቀን ዓይኑን አልጣለም። እትዬም እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ድንቹ የነገረችው ሰው አልነበረም። የሷና የሱ ጉዳይ ነበርና።

ኮርኔሊያ ስትሄድ ወረቀቱን ትታው ሄደች። እትዬ ከሰዓቱ ጀርባ ሰካችው። ድመቷን ትታ እኔኑ አናገረችኝ።

«አንተ ፈርሚ ነው የምትለኝ።»

«አባባ ዕዳ ነው ብሏል።»

«እኔስ? እኔ የት ልተኛ ነው?»

ከአያቴ መቃብር የቀረው አንድ ቦታ፣ ከቫለንቲ ጎን ያለው፣ የሷ እንደሆነ አውቃለሁ። በወጣትነቷ ሊያገቧት የመጡ ነበሩ፤ ሁለቱን እኔው ነኝ በር የከፈትኩላቸው። ለምን እንደመለሰቻቸው ጠይቄያት አላውቅም። አሁንም አልጠየቅኩም። እንጨት ልፈልጥ ወጣሁ።

አጃው ሲታጨድ ኮርኔሊያ ደወለች። ተገኙ። ፖዝናን አጠገብ ካለች አዲስ መንደር። የቫለንቲ ወንድም ልጅ በሕይወት አለች፤ ሉድቪካ ትባላለች፤ ልትጎበኘን ትፈልጋለች። እትዬ ወሬውን ስነግራት መስኮቶቹን አጠበች፤ መጋረጃ ቀየረች፤ እኔን ፀጉርህን ተቆረጥ አለችኝ።

ሉድቪካ ልጇ እየነዳ አመጣት። እሷም ሽበታም ናት፤ ጉልበቷን ያማታል። የፕሪም ማርማላታ ይዛ መጣች። እትዬ የበዓል ሻሿን አስራ እንደ ዳኛ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። መጀመሪያ ሁለቱ ስለ ጉልበት በሽታ አወሩ። ስለ ማርማላታው አወሩ።

ስለ ቫለንቲ የጀመረችው ሉድቪካ ናት። አያቷ፣ የቫለንቲ እናት፣ ልጇ ሞተ ብላ አታውቅም ነበር። የጠፋ ነው የምትለው። የሙታን ጸሎት አስደርጋለት አታውቅም፤ ካስደረገች እሷ የገደለችው ይመስላታል። በገና ዋዜማ፣ ይመጣል ተብሎ፣ የሱ ሳህን ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። የግቢው በር አይቆለፍም። ከጦርነቱ በኋላ ቤቱን ሲያድሱ በሩን እንዳይነኩባት ጮኸች።

«ሰማያዊ ነበር» አለች ሉድቪካ። «ቀለሙን ከቀየርነው ሲመጣ ቤቱን ይስታል አለች። እስክትሞት ድረስ ሰማያዊ ቀባንላት። እኔም ቀብቻለሁ።»

እትዬ ተነሳች። ምድጃው ጋ ሄዳ የድስቱን ክዳን አነሳች፤ መልሳ ከደነችው። ድስቱ ባዶ ነበር። ጀርባዋን ሰጥታን ቆየች።

«እኔ መቃብሩ ነበረኝ» አለች። «እሳቸው ምንም አልነበራቸውም።»

ሉድቪካ ልጅ ትመስላለች፤ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች።

«ያስቸግር ነበር?» ብላ ጠየቀች በመጨረሻ። «አያቴ፣ እሱ ሲታመም አይቻልም ትል ነበር።»

እትዬ ዞረች። ፊቷ ተፈታ። «ውይ፣ መች ይቻላል! ትራሱ ዝቅ አለ፣ ከፍ አለ። ባዝራዋ በልታለች ወይ? ጠጥታለች ወይ? ሂጂ እይልኝ። አይቼ ስመለስ፣ በደንብ አየሻት ወይ?» ሁለቱም ሳቁ። ሲስቁ ቆይተው ሉድቪካ አለቀሰች። እትዬ ሻሿን ፈትታ ሰጠቻት። እኔና የሉድቪካ ልጅ የፖም ዛፎቹን ለማየት ወጣን።

ስንመለስ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ተፈርሟል።

«ሲወጣ እኔ ነኝ የማለብሰው» አለችኝ እትዬ። «ለዚያች ለኮርኔሊያ ደውልና ንገራት። ካልሆነ እቀደዋለሁ።»

መቃብሩ የተከፈተ ቀን ከሳጥኗ ሥር አንሶላ አወጣች። ለሠርጓ ብላ እናታችን ተልባ ዘርታ፣ ክሩን ፈትላና ሸምና ያዘጋጀችላት ነው። ተጣጥፎ እንደተቀመጠ ነበር። የጦሩ ሰዎች ለአፅሙ የራሳቸው ሣጥን ነበራቸው። ኮርኔሊያ አንሶላውን አየች፤ እትዬን አየች፤ ሰዎቿን ዞር በሉ አለቻቸው።

አያቴን አልነኩትም። ቫለንቲ ከጎኑ ነበር። የስም ሰሌዳው አንገቱ አካባቢ ተገኘ፤ ኮርኔሊያ በብሩሽ ጠርጋ ጮክ ብላ አነበበችው። እትዬ ጎንበስ ብላ አፅሙን አየች።

«አጭር ነው እንዴ?» አለች። «ረጅም ነበር።»

«ልጅ ስለነበርሽ ነው፣ እትዬ።»

«ይሆናል።» አንሶላውን አለበሰችው፤ ጫፉን እንደ ሕፃን መጠቅለያ ወደ ውስጥ አጠፈችው። ወደ ቤት ስንሄድ ክንዴን ይዛ፣ «እንግዲህ መቃብሩ ለኔ ሰፋልኝ» አለችኝ።

ሐውልቱ የመንደሩ ሰው ከየእርሻው ያወጣው ድንጋይ ነው፤ ትልቁን ድንጋይ የሰጠው ያ እሳት አደጋ ቤት የቀለደብኝ ሰውዬ ነው። ኤዲታ በምርቃቱ ቀን ከነፋሱ ጋር ስትታገል ዋለች፤ ባንዲራው ተጠመጠመባት፣ የቄሱ መጽሐፍ ተገለጠ፣ የሙዚቀኞቹ ወረቀት በረረ። ወታደሮቹ ተሰለፉ። እትዬ አንድ በአንድ አየቻቸው። ጢም የላቸውም እኮ አለችኝ። ያኔም አልነበራቸውም አልኳት።

አንድ መኮንን በፊታቸው ቆሞ የወደቁትን መጥራት ጀመረ። ስም ይጠራል፤ ማዕረጉን አዲሱን አድርጎ። ለጥሪው ቁም ይላል። ወታደሮቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ ይመልሱለታል። አራቱን ጠራ። እትዬ ክንዴን አጥብቃ ያዘች። ከአራተኛው በኋላ መኮንኑ ትንፋሽ ወሰደ። ያችን ትንፋሽ አልረሳትም።

«ሃምሳ አለቃ ቫለንቲ ድሮዝድ! ለጥሪው ቁም!»

«በክብር ሜዳ ወድቋል!» አሉ ወታደሮቹ።

«እኛ ድርቆሽ ቤት ነው» አለች እትዬ።

«ዝም በይ፣ እትዬ።»

«እውነት ነዋ። ድርቆሹ ንጹሕ ነበር፤ እኔ ነኝ ያነጠፍኩት።»

በአጠገባችን የቆሙት ሰሙ። አንዳንዱ ፈገግ አለ፤ ኤዲታ አፍንጫዋን ጠረገች። ጠመንጃው ሲተኮስ ቁራዎቹ ከግድቡ ዛፎች ተነሱ፤ ዞረው ዞረው እዚያው ተመለሱ። መኮንኑ የማዕረጉን ወረቀትና ሜዳሊያውን ለሉድቪካ ሰጣት። እሷ ይዛው መጣችና እትዬ እንድታየው መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት። እትዬ ሜዳሊያውን በሻሿ ጫፍ ጠረገችው፤ ቆሻሻ ግን አልነበረበትም። ከዚያ መለሰችላት።

ከምርቃቱ በኋላ ሰዉ እሳት አደጋ ቤት ለሾርባ ገባ። እኔ ውጭ ቀረሁ። ስሙ ድንጋይ ላይ ተቀርጿል፤ ጓደኞቹ ጋ ነው፤ ዘመዶቹ ያውቃሉ። ተፈጸመ ማለት ነበረብኝ። እትዬ መጥታ አጠገቤ ቆመች። እሷም አልገባችም።

«ለእናቴ ንገሩልኝ ነው ያለው» አለችኝ።

«እናቱ ሞተዋል።»

«የት እንዳሉ ግን ይታወቃል።»

ለቅዱሳን ሁሉ በዓል የሉድቪካ ልጅ መጥቶ ወሰደን። እትዬ ከአውራጃችን ወጥታ አታውቅም። አገሩን ከዳር እስከ ዳር ስናቋርጥ ዓይኗን አልከደነችም። መንገዱ ላይ አዲስ መንደር የሚል ሰሌዳ በታየ ቁጥር ታሳየኛለች። «ይሄውልህ ሌላ» ትላለች። «ምስኪን አባባ።»

የነሱ መቃብር ቦታ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው። መንደሩ በሙሉ እዚያ ነበር፤ በየመቃብሩ ሻማ ይበራል፤ ሰው ሰላም ይባባላል፤ ልጆች በመሐል ይሮጣሉ። ሉድቪካ መንገድ መራችን፤ ከአያቷ መቃብር፣ ከጥቁሩ ድንጋይ ፊት ስንደርስ ወደ ኋላ ቀረችልን። እትዬ ዱላዋን ለኔ ሰጠችኝ። ያለ ዱላ ቆመች።

«እማማ ድሮዝድ» አለች። ጎረቤት ቤት በር ላይ ቆማ እንደምትጣራ ነው። «እኔ ጌኖቬፋ ነኝ፤ ከዛሌሲ። ልጅዎ ቫለንቲ እኛ መንደር ነው ያለው። ግድቡ አጠገብ፣ ከጓደኞቹ ጋር። ስሙ ተጽፎለታል። ብቻውን አልሞተም፤ እጁን ይዤው ነበር። በልቷል። አባቴ ሊነግርዎት ብዙ ፈለገዎት፤ አላገኘዎትም። ስለዘገየን ይቅር ይበሉን።»

ዞር ብላ አየችኝ። «አንተም ተናገር እንጂ።»

ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

«ስለ ባዝራዋ እግዜር ይስጥልን» አልኩ።